እንተንፍስ!

አድማሴ በሰው ፊት ብቻውን በልቶ አያውቅም። ይህ ጠባዩ መካነ ሰላም ላይ ሲያስመርቀው ኖሯል፤ ኮምቦልቻ አየር ማረፊያ ላይ ግን ሚስቱን አስቻለችን ሊያሳብዳት ደረሰ።

ሳንባው ከደከመ ወዲህ ኦክስጅን የምትሰጥ፣ በትከሻ የምትንጠለጠል ማሽን አለችው። ቀጭን ቱቦዋን አፍንጫው ላይ ሰክቶ ይውላል። ልጃቸው ሉሊት በነጋታው አዲስ አበባ ትዳራለች፤ የአባቴን ጉልበት ስሜ ሳልመረቅ ከቤት አልወጣም ብላለች። ሐኪሙ ረጅሙን የመኪና መንገድ ስለከለከለው በአውሮፕላን ሊሄዱ መጡ። ትኬት የምታየዋ ልጅ ማሽኗን አገላብጣ አየችና፣ «አባባ፣ ሲሳፈሩ ቢያንስ ሦስት መብራት ማሳየት አለባት። ባትሪው ካነሰ አላሳፍርዎትም» አለችው። ያን ጊዜ አራቱም በርተው ነበር።

ጭጋግ አውሮፕላኑን አዘገየው። የሚሠራው ያጣ መንገደኛ ሁሉ አድማሴን ያያል። አድማሴ ተቁነጠነጠ፣ አቀረቀረ፣ በመጨረሻ አላስችል አለው። ቱቦዋን ነቅሎ በጋቢው ጫፍ ጠረገና አጠገቡ ለተቀመጡት የከላላ ነጋዴ፣ ለሐጂ አራጌ፣ ዘረጋላቸው።

«እንተንፍስ!»

«አላህ ይስጥልኝ፣ ይብቃኝ።»

«በሞቴ! አንዴ ብቻ ይሳቡ!»

በሞቴ ከተባለ ምን ይደረጋል? ሐጂ ሳቡ። ከዚያ ወዲያ አድማሴን ማን ይመልሰው! አንዲት ነፍሰ ጡር «ያንቺ ለሁለት ነፍስ ነው» ተብላ ደገመች። በሩ ላይ የቆመው ፖሊስ ሥራ ላይ ነኝ ቢል ሰሚ አጣ።

«አንተ ሰውዬ፣ ጠላ መሰለህ? የልጅህን ምርቃት እኮ ነው የምታድለው!» አለች አስቻለች።

«ታዲያ ሰው እያየኝ ብቻዬን ልተንፍስ? ምን ይሉኛል?»

ትኬት የምታየዋ ልጅ ስትመለስ አንድ መብራት ብቻ ቀርቷል። «አውሮፕላኑ አሁን ከአዲስ አበባ ተነሣ። እስኪደርስ ሦስት ካልሞላ ይቀራሉ፣ አባባ» አለች፤ እሷም ከፍቷታል። አስቻለች እንባዋ መጣ። የአዳራሹ ሶኬት ሁሉ በስልክ ተይዟል።

ሐጂ አራጌ ተነሡና የራሳቸውን ስልክ ነቀሉ። «አየሩን የቀመሰ ሁሉ ይንቀል!» አሉ። ያልቀመሰ ማን አለ? ሁሉም ነቀለ፣ ማሽኗም ተሰካች። አድማሴ ግን ከንፈሩ እየጠቆረ እንኳ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት አልጀምርም አለ።

«እንግዲያው ፊታችሁን አዙሩለት!» አሉ ሐጂ።

አዳራሽ ሙሉ ሰው፣ ፖሊሱም ጭምር፣ ወደ ግድግዳው ዞረ። አድማሴም እፎይ ብሎ ተነፈሰ። ሦስተኛዋ መብራት የበራችው አውሮፕላኑ መሬት ሲነካ ነው።

ተሳፍረው ቀበቷቸውን እንዳሰሩ አድማሴ እጁን ወደ ቱቦዋ ሰደደ። አፉን ሳይከፍት መንገደኛው ከፊት እስከ ኋላ «ጠግበናል!» አለው። አውሮፕላኑ በሳቅ ተሞላ።

አስቻለች ግን አልሳቀችም። መሬቱ ከሥሯ ሲሸሽ ትንፋሿ ቁርጥ አለ፤ የወንበሩን መደገፊያ ጨብጣ ዓይኗን ጨፈነች። አድማሴ ወደ ጆሮዋ ጎንበስ አለ።

«አስቹ፣ አንቺን እንተንፍስ ሳልልሽ።»

እውነቱን ነው። ከጠዋት ጀምሮ አገር ሲጋብዝ እሷን ረስቷት ነበር፤ የቤት ሰው ሁልጊዜ መጨረሻ ነው። ቱቦዋን ትታ እጁን ያዘችው።

«ለሉሊት አትርፍልኝ» አለች። «ነገ ስትመርቃት ድምፅህ ከድንኳኑ ውጭ ድረስ ይሰማ።»