ፕሎት ማለት ምንድን ነው?

ከማለዲንን የያዙት በጠራራ ፀሐይ፣ ከስንዴው መሀል ነው። የሚተክለውን ሰሌዳ መትቶ ሳይጨርስ መዶሻውን ከእጁ ነጥቀው፣ የኋሊት አስረው መኪና ላይ ጫኑት።

ወሬውን ለእኅተማርያም የነገረቻት ሚስቱ ኡሙሰልማ ናት። ሁለቱ ሴቶች ሮቤ ላይ አጥር ለአጥር የሚዋሰኑ ጎረቤታሞች ናቸው። እኅተማርያም በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት እንግሊዝኛ ስታስተምር ውላ ስትመለስ፣ ኡሙሰልማ ሻሿ ትከሻዋ ላይ ወድቆ በሩን ተደግፋ ጠበቀቻት።

"ቲቸር፣ ማሎ፣ እባክሽ፣ ፕሎት ማለት ምንድን ነው?"

"ምን አልሽኝ?"

"ፕሎት። እሱን ቃል ጽፈሃል ብለው ነው ባሌን የወሰዱት። ወላሂ፣ የታዘዘውን ነው የጻፈው!"

ከማለዲን በገሰራ መንገድ፣ ከከተማው ወጣ ብሎ ባለው የመንግሥት የስንዴ መሞከሪያ እርሻ ሠራተኛ ነው። እርሻው በጠባብ በጠባቡ ተከፋፍሎ በየቁራሹ የተለያየ ዘር ይዘራበታል። የእጅ ጽሑፉ ስለሚያምር በየቁራሹ ራስ ላይ የሚቆመውን ሰሌዳ የሚጽፈው እሱ ነው፤ ከላይ የመሥሪያ ቤቱን ምልክት፣ ከሥር ፕሎት የሚለውን የእንግሊዝኛ ቃልና ቁጥሩን።

"ቁራሽ መሬት ማለት ነው" አለች እኅተማርያም።

"አልሃምዱሊላህ! እንግዲያው እንደዚህ ብለሽ ትነግሪልኛለሽ።"

እኅተማርያም የወደቀውን ሻሽ አንሥታ አለበሰቻት። ቃሉ ሌላ ፍቺም እንዳለው ለዚች ሴት በምን አፏ ትንገራት? ባለፈው ሳምንት ለአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪዎቿ ራሷ ጥቁር ሰሌዳ ላይ ዘርዝራዋለች። ፕሎት ቁራሽ መሬት ነው፣ የልብ ወለድ ታሪክ አካሄድም ነው፣ ደግሞም ሴራ ነው። ለሴራ በእንግሊዝኛ ያሉትን ሌሎች ስሞች ሁሉ ደርድራ፣ ተማሪዎቹ አንድ በአንድ ገልብጠዋል።

በዚያ በሰባ አንድ ዓመተ ምሕረት ጥቅምት፣ በባሌ ምድር ሴራ የሚለውን ቃል ያህል የሚያስፈራ አልነበረም። የሱማሌ ጦር ከተመለሰ ወራት ቢያልፉም ሰርጎ ገብ ነህ የተባለ ሰው ደብዛው ይጠፋል። የእኅተማርያም ታናሽ ወንድም ሰንበቴም አምና ከጎባ ተወስዶ የት እንደደረሰ አልታወቀም። ስለዚህ ያን ቀን ራት አልበላ አላት። ሴራ የሚለው ፍቺ የወጣው ከእሷ ክፍል ይሆን? ከተማሪዎቿ መካከል የትኛው ነው ደብተሩን ለአባቱ ያሳየው? ለአባቱ ወይስ ለአብዮት ጥበቃ? እያንዳንዱን ፊት በሐሳቧ ስታገላብጥ አደረች፤ ሁሉም የልጅ ፊት ነው፣ ሁሉም ያስፈራል።

በማግስቱ ክፍል ውስጥ እያለች በሩ ተንኳኳ። ጠመንጃ ያነገተው የአብዮት ጥበቃ ዱጉማ ነበር።

"ጓድ ደጀኔ ይፈልጉሻል። አሁኑኑ።"

ጠመኔው ከእጇ ወደቀ። ተማሪዎቹ አንገታቸውን ደፉ፤ አንድም ቀና ብሎ ያያት የለም። በገበያው በኩል ሲያልፉ፣ ሌላ ቀን "አካም ጂርታ፣ ቲቸር?" ብለው ሰላም ሳይሏት የማያሳልፏት ነጋዴዎች ሚዛናቸውን ማስተካከል፣ ጆንያቸውን መቋጠር ጀመሩ። ዱጉማ ከኋላዋ ነበር። የጫማው ኮቴ በቆመ ቁጥር ጀርባዋ ይቀዘቅዛል።

ካድሬው ደጀኔ ቀጭን፣ ድምፁ ለስላሳ ሰው ነው። ከመቀመጫው ተነሥቶ ወንበር ሳበላት።

"ይቀመጡ፣ ቲቸር። ትንሽ የቋንቋ ችግር ገጥሞን ነው። ፕሎት ማለት ሴራ ማለት ነው ወይስ አይደለም?"

"እንደ አገባቡ ነው፣ ጓድ። እርሻ ላይ ሲጻፍ ቁራሽ መሬት ማለት ነው።"

"የጠየቅኩት ሌላ ነው። ሴራ ማለት ነው ወይስ አይደለም?"

"አንድ ቃል ብዙ ፍቺ ሊኖረው ይችላል። በአማርኛም እኮ ሳለ ስንል፣ ሥዕል የሳለም አለ፣ ቢላ የሳለም አለ፣ ጉንፋን ይዞት የሳለም…"

"አማርኛ ልታስተምሪኝ ነው?" አንቱታው በአንድ አፍታ ጠፋ። "ለተማሪዎችሽ ሴራ ነው ብለሽ አስተምረሻል። እዚህ ስትደርሺ መሬት ሆነ? የሰንበቴ እህት አይደለሽም እንዴ?"

ደጀኔ ጠረጴዛው ላይ የነበረውን መዝገበ ቃላት ወደ እሷ አዞረው። ከቃሉ ፊት ለፊት በመጀመሪያ ቁራሽ መሬት ይላል፤ ቀጥሎ ሴራ፣ አድማ፣ ተንኮል። በቀይ እስክሪብቶ የተሰመረው ግን ከሁለተኛው ሥር ብቻ ነበር።

ያኔ ነገሩ ገባት። እስከዚያች ደቂቃ ድረስ ሰውዬው ስላላወቀ ነው፣ ካስረዳሁት ይገባዋል ብላ ነበር። ሰውዬው ያውቃል። የመጀመሪያውን ፍቺ አንብቦ፣ አልፎት ነው ያሰመረው።

"ሴራ መገኘቱን ጎባ ላሉት አለቆች አሳውቀናል" አለ ደጀኔ ድምፁን መልሶ አለስልሶ። "የጎደለን የባለሙያ ቃል ነው። እዚህ ላይ ፈርሚና ወደ ክፍልሽ ተመለሺ።"

ቃሉ ሴራ ማለት ነው ተብሎ የተጻፈበት ወረቀት ገፋላት። እስክሪብቶውን አነሣች፤ ጫፉ ወረቀቱን ነካ። አንድ ፊርማ ናት፤ ከፈረመች ቤቷ ትገባለች። አጥሩን ተሻግሮ ግን የኡሙሰልማ ቤት አለ። ስሟን ጀምራ ቆመች።

"ጓድ፣ ሰሌዳዎቹም ለማስረጃ ጎባ ይሄዳሉ?"

"እንዴታ!"

"ከላያቸው የመንግሥት ምልክት አለ።"

"ቢኖርስ?"

"እኔ እንጃ። የሚጻፈው ከአዲስ አበባ በመጣ ትእዛዝ ነው። ሴራ ነው ብዬ ብፈርም፣ ሴራውን ያዘዘው ማን ነው ብለው የሚጠይቁ ይመስለኛል። እኔን ብቻ አይደለም፤ ሪፖርቱን ያደረጉትን እርስዎንም ይጠይቃሉ ብዬ ሰጋሁ።"

ተናግራ ስትጨርስ ራሷ በሰማችው ደነገጠች። ደጀኔ ተነሥቶ ሄዶ በሩን ዘጋ። ሲመለስ ግንባሩ ላይ ላብ አቸፍችፎ ነበር።

"ይህን ለሌላ ሰው ተናግረሻል?"

"ለማንም።"

ወረቀቱን አንሥቶ አየው፤ የስሟ መጀመሪያ ፊደላት ተጽፈውበታል። ይቀደዋል ብላ ጠበቀች። አልቀደደውም፤ አጥፎ ኪሱ ከተተው።

"ሂጂ። ያንን ቃል ሁለተኛ ከአፍሽ እንዳልሰማ።"

እስከ ትምህርት ቤቱ አጥር ድረስ ደኅና ተራመደች። አጥሩ ጥግ ስትደርስ ባዶ ሆዷን አስመለሳት።

ሰሌዳዎቹ በዚያው ሳምንት ተነቅለው ተቃጠሉ፤ በምትካቸው ቁጥር ብቻ የተጻፈባቸው ቆሙ። ከማለዲን የተፈታው ግን ስንዴው ታጭዶ ካለቀ በኋላ ነው። የተገረፈው የውስጥ እግሩ አልሽር ብሎት እየጎተተ መጣ። ለምን እንደታሰረም ለምን እንደተፈታም የነገረው ሰው የለም። ኡሙሰልማ በአጥሩ ቀዳዳ የእኅተማርያምን እጅ ስባ ሳመችው።

ከጥቂት ቀናት በኋላ እኅተማርያም በዋናው መንገድ ስትሄድ ከማለዲን ከፊት ለፊቷ መጣ። ሰላም ልትለው እጇን ዘረጋ ስታደርግ፣ እሱ አንገቱን ደፍቶ፣ እግሩን እየጎተተ ወደ ማዶ ተሻገረ። በመጀመሪያ ከፋት። ዞር ስትል ዱጉማን ጠመንጃውን እንዳነገተ ከአንድ ሱቅ ደጃፍ ቆሞ አየችው። እጇን ወደ ነጠላዋ መልሳ፣ ከማለዲንን እንደማያውቅ ሰው ሆና አለፈች።