ጉተማ ያልወሰደው ትርፍ

ጌጤነሽ አምቦ ገቢዎች ቢሮ በር ላይ ስትደርስ በልቧ ቤቷን ተሰናብታ ነበር። የሟች ባሏ የጉተማ ወንድሞች ቤቱ የአባታችን ውርስ ነው፣ ድርሻችንን ብለው ከሰዋት፣ ፍርድ ቤቱ እስከ ሰኔ ሠላሳ መቶ ስድሳ ሺህ ብር ክፈይ፣ አለዚያ ቤቱ በሐራጅ ይሸጣል ብሏታል። ያላት ነገር ጉተማ የተወላት የባንክ አክሲዮን ብቻ ነው። ደግነቱ አንድ የጉደር ነጋዴ በሁለት መቶ ሺህ ሊገዛው ተስማምቷል። እሰየው! ግን ግብር የሚሉት ነገር አለ፤ ከሽያጩ ትርፍ ላይ ሠላሳ በመቶ ይሄዳል።

ሂሳቡን ሰፈር ውስጥ ያላሠራችው ሰው የለም። ጉተማ በ1998 ሲገዛ የተቀበለው ደረሰኝ እጇ ላይ ነው፤ ሃያ ሺህ ብር ይላል። በሃያ ተገዝቶ በሁለት መቶ ሲሸጥ ትርፉ መቶ ሰማንያ፣ ግብሩ ሃምሳ አራት ሺህ። የሚቀራት መቶ አርባ ስድስት ሺህ። ለአሥራ አራት ሺህ ብር ተብሎ ሠላሳ ዓመት የኖሩበት ቤት ሊሄድ ነው እኮ! አያናድድም?

የግብር ባለሙያዋ አያንቱ የምትባል ረጋ ያለች ልጅ ናት። ደረሰኙን አየት አደረገችና፣ "አዴ ጌጤነሽ፣ ይሄ የመጀመሪያው ግዢ ብቻ ነው። ባንኩ በየዓመቱ የሚሰጠው የትርፍ ድርሻስ የት ገባ?" አለቻት።

"እኔ ምን አውቄ!" አለች ጌጤነሽ ቱግ ብላ። "አንድም ቀን ቤት አላመጣልኝም። ሰው ሁሉ በትርፍ ድርሻው ለገና በግ ሲገዛ እኛ የሰው በግ ሲጮህ ስንሰማ ነው የኖርነው።"

እውነቷን ነው። ታኅሣሥ በመጣ ቁጥር ቤቱ ጦርነት ነበር። ንፉግ ብላዋለች፣ ሌላ ትዳር ይዘሃል ብላዋለች። ሰውዬው "እዚያው ነው ያለው" ይላታል እንጂ ሌላ መልስ የለውም። ማን ይመነው!

አያንቱ ከባንኩ ዝርዝሩን እንድታመጣ ነገረቻት። እያጉረመረመች በባጃጅ ሄዳ፣ ወፈር ያለ ወረቀት ይዛ ተመለሰች።

"ይኸውልዎት፣" አለች አያንቱ ገጾቹን እየገለጠች። "በየዓመቱ ከትርፍ ድርሻቸው ላይ አሥር በመቶ ግብር ተቆርጧል። የቀረውን በእጃቸው መውሰድ ይችሉ ነበር። አልወሰዱትም፤ እየፈረሙ አዲስ አክሲዮን ገዝተውበታል። ስለዚህ ለዚህ አክሲዮን የወጣው ሃያ ሺህ ብቻ አይደለም።"

"እጃችን ያልገባ ብር እንዴት ወጣ ይባላል?"

"የእናንተው ነበራ! ዛሬ ወስደው ነገ መልሰው ቢገዙበት ወጪ አይሉትም ነበር? ግብሩም ያኔ ተከፍሎበታል። አሁን እንደገና ትርፍ ነው ብለን አንጠይቅዎትም።"

የሂሳብ ማሽኑን ትነካካ ጀመር። በአሥራ አንድ ዓመት የተጨመረው መቶ አሥራ አምስት ሺህ ሆነ። ከሃያው ጋር መቶ ሠላሳ አምስት። እውነተኛው ትርፍ ስድሳ አምስት ሺህ፣ ግብሩ አሥራ ዘጠኝ ሺህ አምስት መቶ። ለጌጤነሽ የሚቀራት መቶ ሰማንያ ሺህ አምስት መቶ ብር!

"ጉድ!" አለች። "ቤቴ ተረፈ?"

"ተረፈ እንጂ።"

ጌጤነሽ እልል ልትል አለችና ተወችው። ወረቀቶቹን ወደራሷ ሳብ አድርጋ አንድ በአንድ ታይ ጀመር። ጣሪያው ያፈሰሰበት ዓመት፣ ፈርሟል። ልጃቸው መቲ ዩኒቨርሲቲ የገባችበት ዓመት፣ ተበድረው ሸኝተዋት፣ እሱ ግን ፈርሟል። ያ ዝምተኛ ሰው ስድቧን እየጠጣ ይህን ሁሉ ሲቆልል ኖሯል!

መጨረሻው ገጽ ላይ ያለው ፊርማ ተንቀጥቅጦ ከመስመሩ ወጥቷል። ቀኑ ኅዳር ሃያ አራት 2009 ነው። ጉተማ የሞተው ከዚያ በኋላ በሁለት ሳምንቱ ነው።

ያን ቀን አትረሳውም። ሐኪም ከአልጋ እንዳትወርድ ብሎት፣ እሷ ገበያ ስትወጣ ጠብቆ በባጃጅ ሄዶ፣ ላብ በላብ ሆኖ ሲመለስ በር ላይ ይዛ ልክ ልኩን ነግራዋለች። አየር ልቀበል ወጥቼ ነው አላት። ለሦስት ቀን አኩርፋው ነበር።

"አይ ጉተማ!" አለች፣ ቢሮው ውስጥ ሰው መኖሩን ረስታ። "ምናለ ያን ቀን ደግፌ ባስገባህ?"

አያንቱ የምታስፈርማትን ወረቀት ወደ ጎን አድርጋ ጠበቀቻት።