እስከ ቅዳሜ ማታ

«እስከ ቅዳሜ ማታ ብቻ ነው፣ አልሃጃ። ከዚያ በኋላ እኔው ራሴ ለፋፊ ቀጥሬ ለዓለም አስነግርልዎታለሁ።»

ሱራጁ ይህን ያለው በለቅሶው ቤት ምንጣፍ ጫፍ ላይ ቁጢጥ ብሎ፣ አፉን በመዳፉ ከልሎ ነው። የትልቁ ፓርቲ የወረዳ ጸሐፊ ነው። ለቅሶ ሊደርስ መጣሁ ይበል እንጂ ከገባ ጀምሮ ዓይኑ ከስልኩ አልተነቀለም።

አልሃጃ ኒሞታ ተነሥታ የእንስራውን ክዳን ነካ አድርጋ ተመለሰች፤ ተቀመጠች፤ ደግሞ ተነሣች። ከትናንት ጀምሮ እንዲህ ናት። መሬቱ የሚፋጅ ይመስል አንድ ቦታ መርጋት አቅቷታል።

ታናሽ ወንድሟ ሙፉታው የሞተው ሐሙስ ጎሕ ሲቀድ ነው። ከቀትር ሶላት በኋላ ቀበሩት። ዛሬ ዓርብ ነው፤ ነገ ደግሞ ቅዳሜ፣ የሴናተር ምርጫ የሚካሄድበት ቀን። ሱራጁን ቁጢጥ ያሰኘውም ይኸው ነው። ሙፉታው ከተወዳዳሪዎቹ አንዱ ነበር፤ ተወዳዳሪ ደግሞ ድምፅ መስጠት ሳይጀመር ከሞተ ምርጫው ይቆማል፣ ሌላ ቀን ይቆረጥለታል ይላል ሕጉ።

«ኦኬ-ኢጌ በሙሉ ወጥቶ የቀበረውን ሰው ነው ደብቂ የምትለኝ?» አለችው በመጨረሻ።

«ከተማውማ ይወቅ! መሥሪያ ቤቱ ግን በወረቀት ካልነገሩት አያውቅም። የሚነግረው ደግሞ የቤተሰብ ሰው ነው። ባለቤቱ የባል ሐዘን ዒዳ ላይ ናቸው፣ ከቤት አይወጡም። ልጆቹ ከሌጎስ ነገ ነው የሚገቡት። የቀሩት እርስዎ ነዎት።» ፈገግ አለ። «እርስዎ ደግሞ የእኛ ሰው ነዎት።»

የእኛ ሰው። 

ከግድግዳው ሥር የተደረደሩት የገበያ ሴቶች ወሬያቸውን አቁመው ጆሯቸውን አቅንተዋል። የመንታዎቹ እናት፣ ቲማቲም ሻጯ፣ ከሁሉም ቀድማ ተጠጋች። «አልሃጃ፣ ሐዘን ላይ ሆነው አይቀየሙኝ እንጂ… ጣሪያችን እኮ ግማሹ ነው ያለው። ሰማዩንም እያዩት ነው።»

አይታዋለች። ከሁለት ዓመት በፊት ነፋስ የሴቶቹን ገበያ ጣሪያ ገንጥሎ ወስዶት ነበር። ኦቱንባ ላድሜጂ፣ የትልቁ ፓርቲ ባለጸጋ፣ ለውድድር ሲነሣ ግማሹን በአዲስ ቆርቆሮ አለበሰላቸው። ቀሪው ቆርቆሮ የኦቱንባ ግቢ ውስጥ ተቆልሏል፤ ሴናተር በሆነ ማግሥት ይመታል። ወሩ መጋቢት ነው፤ ደመናው ከቀን ወደ ቀን እየወረደ ነው።

ኒሞታ ወደ ጓሮ ወጣች። የሙፉታው ሚስት ባሲራት በጥቁር ሻሽ ተከናንባ ከሌሎች ሴቶች ጋር ተቀምጣለች። ዘጠኝ ወር አልተነጋገሩም። ትናንት አስከሬኑ ሲወጣ እንኳ እጅ ለእጅ ተያይዘው አለቀሱ እንጂ ቃል አልተለዋወጡም። አሁንም ተያዩ፤ ኒሞታም ተመልሳ ገባች።

ዘጠኝ ወር የሆነው የፓርቲው የውስጥ ምርጫ ከተካሄደ ወዲህ ነው።

ሙፉታውን ከተማው «ዳይሬክተር» ነበር የሚለው፤ ሠላሳ ዓመት ትምህርት ቤቱን ሲመራ ደወሉን በእጁ እየደወለ ስለኖረ። አይንላ ብላ በቁልምጫ ስሙ የምትጠራው ኒሞታ ብቻ ነበረች። ያስተማረችውም እሷ ናት፤ የዘንባባ ዘይት በጣሳ እየሰፈረች፣ ጥፍሯ ሥር ቀይ እስኪቀር። ጡረታ ወጥቶ ለሴናተርነት ሊወዳደር መሆኑን ግን የነገረቻት ዘይት ልትገዛ የመጣች ሴት ናት። በሬዲዮ ሰማሁት አለቻት። ኒሞታ ቀልድ መስሏት ሳቀች። መጥቶ ይነግረኛል ብላ ጠበቀች። እንደ ልማዱ በየዓርቡ መጣ፤ መደብሯ ዳር በርጩማው ላይ ተቀምጦ ባቄላውን በላ፣ ቀና ብሎ ግማሹን ጣሪያ አየ፣ የልጆቹን ደኅንነት ነግሯት ሄደ። ስለ ምርጫው ትንፍሽ አላለም። ሃያ ዓመት የገበያው ሴቶች አለቃ የሆነችውን፣ ሁለት መቶ ሴት በአንድ ቃሏ የምታስነሣዋን እህቱን፣ ድምፅሽን እንኳ አላላትም።

«ንቆኛል» አለች። «ለእርሱ የዘይት ነጋዴ ድምፅ ድምፅ አይደለም።»

ሙፉታውና ኦቱንባ ለትልቁ ፓርቲ ዕጩነት የተወዳደሩት እርሱ ደወል ሲደውልበት በኖረው ግቢ ነው። አባላቱ በመረጡት ሰው ፎቶግራፍ ፊት ይሰለፋሉ፤ ቆጣሪው ራስ ራሳቸውን እየነካ ይቆጥራል። የኦቱንባ ፎቶ ከግድግዳው ይበልጥ ነበር። ከፊቱ ቀድማ የቆመችው ኒሞታ ናት፤ ሰልፉ ከኋላዋ ተጠማዞ በር ወጣ። የሙፉታው ፎቶ የማንጎ ዛፍ ላይ ተሰክቷል፤ በሥሩ ጥቂት ሽማግሌ መምህራንና አንድ ሁለት የቀድሞ ተማሪዎች።

ቆጣሪው ዛፉ ሥር ደርሶ «አሥራ አምስት!» አለ።

ሙፉታው እጁን አወጣ፤ ልክ እንደ ተማሪ። አሁን ተጭበርብሬያለሁ ሊል ነው ብሎ ሁሉም ጠበቀ።

«ስሕተት አለ» አለ። «አሥራ አራት ነን። እኚህ ሴትዮ ማንጎ ሻጭ ናቸው፤ ጥላ ፈልገው ነው።»

ግቢው በሳቅ ፈረሰ። ኒሞታም ሳቀች። ሆዷን ይዛ፣ እንባዋ እስኪወርድ። ቀና ስትል ወንድሟ እያያት ነበር።

ከዚያ ወዲያ ወደ መደብሯ አልመጣም። ምልክቱ መሰላል የሆነ አንድ ትንሽ ፓርቲ ገብቶ በዚያ ተወዳደረ። «መሰላሉ ሁለት እርከን ብቻ ነው» ይል ነበር ገበያው፤ «አንዱ ላይ ዳይሬክተሩ፣ አንዱ ላይ መምህር ቲጃኒ።» በየመንደሩ በድምፅ ማጉያ ይቀሰቅሳል፤ ሰው ሲያጨበጭብለት «ጸጥታ!» ይላል። ኒሞታ ይህን ሁሉ በወሬ ሰማች። ልቡ እንደደከመ ግን ማንም አልነገራትም።

መምህር ቲጃኒ ለቅሶ ቤቱ የደረሰው በዚያው ዓርብ፣ ልክ የጁምዓ ሶላት ሲያበቃ ነው፤ ሰባ ዓመቱ፣ ከኪራይ ሞተር ብስክሌት ወርዶ እያለከለከ።

«ኒሞታ፣ ፓርቲያችን ደብዳቤ ጽፏል። የሐኪሙም ወረቀት ይኸው። የቤተሰብ ቃል ከሌለበት ግን አሉባልታ ነው ብለው ይመልሱናል። የምርጫው ዕቃ አሥር ሰዓት ላይ ይጫናል፤ ከተጫነ በኋላ ማን ይሰማናል?»

«ምርጫው ቢቆም ምን ትጠቀማላችሁ? በእሱ ቦታ አንተ ገብተህ ልታሸንፍ ነው?»

ሽማግሌው መነጽሩን አውልቆ ጠረገ። «እኔ? እኔንማ ሚስቴም አትመርጠኝ። ግን ነገ ወረቀቱ ላይ መሰላሉ አለ። ሰው ጣቱን ያሳርፍበታል፤ ማታ ይቆጠራል፤ ይህን ያህል አገኘ ይባላል። ከመቃብር በታች ሆኖም ተሸነፈ ይባላል። ይኼ ይኼ ነው ያንገበገበኝ።»

ውጭ የመኪና በር ሲዘጋ ተሰማ። ኦቱንባ ላድሜጂ ከጁምዓ በቀጥታ መምጣቱ ነው። ነጭ ልብሱን ሰብስቦ፣ ጫማውን አውልቆ ገባ፤ ምንጣፉ ላይ ተቀምጦ ዱዓ አደረገ። ሰውየው ጨዋ ነው፤ ይህን ኒሞታም አትክድም።

«አላህ ይዘንለት። እኔንም በልጅነቴ በአለንጋ ገርፎኛል» አለ፤ ሴቶቹ በሐዘናቸው ላይ ፈገግ አሉ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «አልሃጃ፣ ጸሐፊው የነገረዎትን ነገር ልድገምልዎት አልመጣሁም። ብቻ ያስቡት፤ ስንቱ ሰው ሊመርጥ ከየአገሩ ገብቷል። መቶ ድምፅ ለማያገኝ ሰው ብለን ይህን ሁሉ ሕዝብ እንመልሰው?»

«መቶማ አያገኝም» አለች ኒሞታ። «አሥራ አራት ነው ያገኘው። እኔ እዚያው ነበርኩ።»

«እንግዲያው…»

«አሥራ አምስት ሲሉት አሥራ አራት ነው ያለ ሰው ነው፣ ኦቱንባ። በሐሰት አንድ እንኳ አልጨመረም። ዛሬ እኔ ሞቶ ሳለ አለ ብዬ ልዋሽበት?»

«ዝም ይበሉ ነው እንጂ ዋሹ አልተባሉም።»

«ዝምታውን ዘጠኝ ወር ሞከርኩት» አለች። ተነሣች፤ ይህን ጊዜ ግን ተመልሳ አልተቀመጠችም።

ኦቱንባም ተነሣ። ጫማውን እያጠለቀ፣ ፊቱን ሳያዞር «ጣሪያውን ደግሞ ሴቶቹን ያማክሩበት» አለና ወጣ።

የመንታዎቹ እናት በሩ ላይ ቀደመቻት። ሃያ ዓመት «እርስዎ» ስትላት የኖረች ሴት፣ አሁን አንቺ አለቻት። «በሕይወቱ ሳለ ጀርባሽን ሰጥተሽው፣ አሁን ለሬሳው ልትሟገቺ ነው? በእኛ ቲማቲም ነው ዕዳሽን የምትከፍዪው?»

እውነቷን ነዋ። ኒሞታ ነጠላዋን አጥብቃ፣ በቲጃኒና በነጂው መካከል ሞተሩ ላይ ወጣች። ሐዘንተኛ ሴት ለቅሶ ቤቱን ትታ በሞተር ስትበር ኦኬ-ኢጌ እስኪጠግብ አያት።

የምርጫ ጽሕፈት ቤቱ ግቢ በሳጥንና በጆንያ ተጨናንቋል። ሠራተኛው እያላበው ወረቀቶቹን ሁለት ጊዜ አነበበ።

«ለሟቹ ምናቸው ነዎት?»

«ታላቅ እህቱ።»

«ይፈርሙ።»

መጻፍ አትችልም። አውራ ጣቷን ቀለሙ ላይ አሳረፈች፣ ከዚያ ወረቀቱ ላይ። አሻራው ተዝረከረከ። «ልድገመው?» አለች። «ይበቃል፣ እናቴ» አላት ሠራተኛው፤ ወረቀቱን ይዞ ወደ ኃላፊው ገባ። ጥቂት ቆይቶ ግቢው ውስጥ አንድ ሰው ጭነቱን አቁሙ ብሎ ጮኸ።

ፀሐይ ስትጠልቅ የኢሎሪን ሬዲዮ ተናገረ። በመሰላል ምልክት ተወዳዳሪ በነበሩት በአቶ ሙፉታው ሞት ምክንያት የሴናተር ምርጫው ለሁለት ሳምንት ተራዝሟል። ስሙ በየሱቁ፣ በየፀጉር ቤቱ ተሰማ። ሁለት ጊዜ ጠሩት። ከመንገዱ ማዶ አንዱ ሬዲዮኑን ጠረቀመው።

ቅዳሜ ከሌጎስ የመጡ መራጮች እያጉረመረሙ ተመለሱ። በለቅሶው ሦስተኛ ቀን ዱዓ ላይ ከገበያ ሴቶቹ የመጡት አራት ብቻ ናቸው። ሰኞ ቆርቆሮው አልመጣም፤ ማክሰኞም። ረቡዕ ማታ ዝናቡ ወረደ። የካሳቫው ዱቄት ቦካ፣ በርበሬው በጎርፍ ሄደ፤ ኒሞታ በዝናቡ ውስጥ ወጥታ የሰዉን ጆንያ ከሴቶቹ ጋር ስትጎትት አመሸች። ማንም አላመሰገናትም፣ ማንም ሂጂ አላላትም። ኦቱንባ እንደሆነ ያሸንፋል፤ ሁሉም ያውቃል። ከሁለት ሳምንት በኋላ አሸነፈም።

ዝናቡ በጣለ ማግሥት ሐሙስ፣ ከሞቱ በስምንተኛው ቀን፣ ለዱዓው የሚጠበሰውን የባቄላ ቂጣ፣ አካራ፣ ለማሰናዳት ሴቶቹ ጓሮ ተሰበሰቡ። የመንታዎቹ እናት ረፋዱ ላይ የተነከረ ባቄላ በገንዳ ተሸክማ ገባች።

«ለዳይሬክተሩ ነው» አለች ኒሞታን ሳታያት፤ «ለአንቺ እንዳይመስልሽ።» ከዚያ ግን አልሄደችም። ድንጋይ ስባ ተቀመጠችና ሽንኩርት መላጥ ጀመረች።

ኒሞታ ባቄላውን ውሃ ውስጥ እያሸች ልጣጩን ታወጣለች። ባሲራት መጥታ ከጎኗ ተቀመጠች።

«አንድ ቀን ጠየቅሁት» አለች ባሲራት። «ለምን እህትህን አትለምናትም አልኩት። ብለምናት እምቢ አትለኝም አለኝ። ታዲያ ስለው፣ ኦቱንባ ጣሪያውን ይተዋል፣ ሴቶቹም ዝናብ ላይ ይቀራሉ አለ። ‹እኔ ብሸነፍ እገባለሁ ቤቴ። እሷ ግን ገበያው ነው ቤቷ› አለ።»

የኒሞታ እጆች አልቆሙም።

«ያን ዕለት» አለች ኒሞታ፣ «ስስቅበት አይቶኛል።»

«አይቶዎታል። ሲገባ መጀመሪያ የነገረኝ እሱን ነው።»

«ምን አለ?»

«‹ኒሞታ ሳቀች› አለኝ። ‹ባሏ ከሞተ ወዲህ ስትስቅ አይቻት አላውቅም። ዛሬ ከልቧ ሳቀች።› ደስ ብሎት ነበር እኮ፣ አልሃጃ። ተሸንፎ መምጣቱን የነገረኝ ራቱን ከበላ በኋላ ነው።»

ልጣጩ ሁሉ ወጥቶ፣ ባቄላው ነጭ ሆኖ፣ ውሃው ጠርቷል። ኒሞታ ግን ማሸቷን አላቆመችም፤ ደጋግማ፣ ደጋግማ። ባሲራት ይበቃል አላለቻትም። እጅጌዋን ሰብስባ እጆቿን እዚያው ውሃ ውስጥ ከተተችና አብራት ታሽ ጀመር።