ኮማሜ የሌለችበት ፊልም

ፕሮዲዩሰሩ ሂዴሺማ ከግድግዳው ላይ አንዱን ንድፍ ነቅሎ ጠረጴዛው ላይ በፊቱ ደፋው። ሁለተኛውን አስከተለ፤ ከዚያም ሦስተኛውን። በነቀለ ቁጥር የቺሃሩን ፊት ሰረቅ አድርጎ ያያል።

"እስቲ አሁን ከመጀመሪያው እዪው" አላት። "የጎደለ ነገር ካገኘሽ እኔ ነኝ ሞኙ።"

ዳይሬክተሯ ቺሃሩ ግድግዳውን ከዳር እስከ ዳር እያየች ሄደች። ሦስት ዓመት በየሳምንቱ በቴሌቪዥን የታየውን የሁለቱን ጀልበኛ ወንድማማቾች የካርቱን ታሪክ ወደ አንድ የሲኒማ ፊልም ለማጠቃለል ስትታገል ከርማለች። ታሪኩ መሀል ላይ እየተንገዳገደ እንቅልፍ ነስቷት ነበር። አሁን ግን ከወደቡ ተነስቶ እስከ ማዕበሉ ድረስ ሳይደናቀፍ ሄደ። የተነቀሉት ንድፎች በሙሉ ወደቡ ላይ የምትታየው ትንሽ ልጅ፣ ኮማሜ፣ ያለችባቸው ነበሩ።

"ምንም አልጎደለም" አለች ቀስ ብላ።

"ታዲያ ለምን እንደዚህ ፊትሽ ጠቆረ?"

"የማንም ፊት አልጠቆረም።"

"ስሚኝ፣ እኔም እወዳታለሁ። ልጄ የእሷን አሻንጉሊት ካላቀፈች አትተኛም። ለዚህ እኮ ነው ጭራሽ ትጥፋ ያላልኩት። ወንድማማቾቹ ሲመለሱ የሚቀበላቸው ሕዝብ አለ አይደል? እዚያ መሀል አቁሚያት። እጇን ታውለብልብ፣ በቃ። ተመልካቹ ፈልጎ ሲያገኛት ደስ ይለዋል፤ እኛም ፖስተሩ ላይ እናወጣታለን።"

ሐሳቡ ክፋት አልነበረውም። ሂዴሺማ የማያውቀው ነገር ስለነበረ ነው። በየሳምንቱ ወደቡ ላይ ቁጭ ብላ፣ ዛጎል የሞላ ሳፋዋን ታቅፋ፣ "ዛሬ ደግሞ ወዴት ናችሁ?" የምትለው ያቺ ሕፃን የሙናካታ ልጅ ነበረች። ሙናካታ የስቱዲዮው አንጋፋ ሠዓሊ ናቸው። ልጃቸው ሺኖ በሰባት ዓመቷ በደም ካንሰር ሞታባቸዋለች። ተከታታዩ ሲጀመር ቺሃሩ ለወደቡ የምትሆን አንዲት ልጅ ይሳሉልኝ ብትላቸው፣ በማግሥቱ የሺኖን ፊት ይዘውላት መጡ። "ሌላ ሰው እንዳይስላት" ብለው ለመኗት። ቺሃሩ ቃሏን ጠበቀች፤ ምክንያቱንም ለማንም አልተናገረች።

ሂዴሺማ እንዳለው የአቀባበሉን ትዕይንት በእርሳስ ሞነጫጨረችና ንድፉን ይዛ ወደ ምድር ቤት ወረደች። ሙናካታ መስኮቱ ሥር፣ ከታች መብራት በሚበራው ጠረጴዛቸው ላይ አጎንብሰዋል። ውጭ የሰኔ ዝናብ የመንገዱን ጃንጥላዎች ይደበድባል።

"ሙናካታ-ሳን፣ አንድ ነገር ላማክርዎ ነበር።"

"ስለ ኮማሜ ነው?"

"ማን ነገረዎ?"

"ማንም አልነገረኝም። ሰሞኑን ሥራ ስትሰጪኝ ዓይን ዓይኔን አታዪም።"

ቺሃሩ ወንበር ስባ ተቀመጠች። "ፊልሙ አልሸከማት አለ። እሷ ብቅ ባለች ቁጥር ታሪኩ ይቆማል።"

"ሥራዋ እሱ ነበር እኮ። ማስቆም።"

"በቴሌቪዥን፣ አዎ። እዚህ ግን አንድ ጊዜ ከቆመ አልነሳ ይላል።"

ሙናካታ አልተከራከሩም። ቺሃሩ የያዘችውን ንድፍ ዘረጋችላቸው። ሕዝብ የሞላበት ወደብ፣ ከሕዝቡ መሀል አንዲት ትንሽ ልጅ።

"ምንድን ነው የምትሠራው?" ሲሉ ጠየቁ።

"እጇን ታውለበልባለች።"

ንድፉን ረዘም ላለ ጊዜ አዩት። "ሺኖ ሆስፒታል ሳለች ሰው አጠገቧ እንዳይደርስ ከልክለው ነበር" አሉ። "የሚጠይቃት ሁሉ ከመስታወቱ ወዲያ ቆሞ እጁን ያውለበልብላታል። እኔም ጭምር። በኋላ በኋላ ፊቷን ወደ ግድግዳው ማዞር ጀመረች።"

ሙናካታ ንድፉን ወደ ቺሃሩ መልሰው ገፉት።

"የምትሠራው ነገር ካላት ትግባ። ከሌላት ትቅር። ለእኔ ብለሽ ግን ዳር ላይ አታቁሚያት።"

"ቅር አይልዎትም?"

"ይለኛል እንጂ። በጣም ነው የከፋኝ።" ድምፃቸው ግን ከፍም ዝቅም አላለም። "እሷ የሌለችበትን ፊልም እንዴት አድርጌ እንደምሥል እንጃ። ምናልባት ላልችል እችላለሁ።"

"ማዕበሉን ያለ እርስዎ ማን ይስለዋል?"

"አላውቅም። ልጄ፣ ዛሬ አስጨንቀሽ ቃል አታስገቢኝ። እኔው ራሴ ላስብበት።"

ቺሃሩ ንድፉን ከጠረጴዛው አነሣች። ጎንበስ ብላ እጅ ነስታ ወጣች።

ፎቅ ላይ ስትደርስ ሂዴሺማ ስልክ እያወራ ነበር። "አዎ፣ ኮማሜ ትኖራለች፤ ግራ ጥጉ ላይ ትልቅ አድርጋችሁ አውጧት" ሲል ሰማችው። ተቀመጠችና ላጲስ አነሣች። መጀመሪያ ከንድፉ ላይ ያጠፋችው የተዘረጋችውን የኮማሜን እጅ ነው።

ሂዴሺማ ስልኩን ዘግቶ መጣ። "ምን እያደረግሽ ነው? ፖስተሩን አሁን እኮ ነው ያዘዝኩት።"

"መልሰህ ደውልላቸው።"

"ምነው፣ ምን ተፈጠረ? ቅድም ተስማምተን አልነበረም? ሰዎቹ ምን ይሉኛል? ቢያንስ ምክንያቱን ንገሪኝ።"

የሺኖን ስም ብትጠራ ሂዴሺማ እዚያው ዝም እንደሚል ታውቃለች። ምናልባትም ወርዶ ሙናካታን ይቅርታ ይጠይቃቸው ይሆናል። በነጋታው ደግሞ ስቱዲዮው በሙሉ ይሰማል፤ ሁሉም በጠረጴዛቸው አጠገብ ባለፈ ቁጥር ድምፁን ዝቅ ያደርግላቸዋል።

"ምክንያት የለኝም" አለችው። "ዳይሬክተሯ እኔ ነኝ፤ አልፈለገቻትም በላቸው።"

"እልኸኛ ናት ይሉሻል።"

"ይበሉኝ።"

ሂዴሺማ እያጉረመረመ ስልኩን መልሶ አነሣ። ቺሃሩ የላጲሱን ብናኝ በእጇ ጠርጋ እርሳሷን ያዘች። በግራና በቀኝ የቆሙትን ሰዎች ትከሻ ለትከሻ አስጠግታ ሣለቻቸውና ክፍተቱን ዘጋችው።