አስናቀ ያልፈረመባት አውሮፕላን

«ወንድማችን አስናቀ የድርጅታችን ምሰሶ ነበር» አለ አቶ ሀዲስ፣ ድንኳኑ መካከል ቆሞ ከወረቀት እያነበበ።

ባንቺአየሁ ከፍራሿ ላይ ሆና ሰማችው። የዘገነችውን ንፍሮ መለሰች። ያንን ምሰሶ ከስድስት ዓመት በፊት በዘበኛ አስገፍትሮ ያስወጣው ራሱ ሀዲስ ነው፣ አስናቀ ይሠራበት የነበረው ትንሽ አየር መንገድ ባለቤት።

የባሏ የአስናቀ ሠልስት ነው። ከሰዓት በኋላ ዕድሩ ድንኳኑን ያፈርሳል፣ ሰውም ይበተናል። «አየር መንገዱን ያስዘጋው እሱ ነው» እያለ አስናቀን ሲያማ የኖረው የዓባይ ማዶ ሰፈር ጎረቤት ዛሬ ሁሉም እዚህ አለ። ስሙን የምታጠራበት ሌላ ቀን የላትም።

አየር መንገዱ ሲጀመር እንዴት ያለ ደስታ ነበር! ሁለት ትንንሽ አውሮፕላኖች መጡ፤ ቄሶች ጠበል ረጩባቸው። ሐይቁን ተሻግሮ በጀልባ ቀኑን ሙሉ የሚፈጀው የደልጊ መንገድ ግማሽ ሰዓት ሆነ፤ ገበሬው ዶሮውን አስሮ ተሳፈረ። መካኒኩ አስናቀ በየማለዳው አውሮፕላኖቹን እየዞረ ብሎኖቹን አንድ በአንድ ይነካ ነበር። «ዓይን ያታልላል፣ ባንቺ። በእጄ ካልነካሁት አላምንም» ይላት ነበር።

ኋላ አንደኛዋ ቆመች፤ ዕቃዋ እየተፈታ ለሌላዋ ተገጠመ። የምትበረዋ ጅራት ላይ የተሳለው አሞራ ግን በየዓመቱ ቀለም ይቀባ ነበር። ከላይ ቀለም፣ ከውስጥ ዝገት፤ ያስጠላል። አስናቀ ፍሬኗ እንደማይዝ አየና «ለበረራ ብቁ ናት» የሚለው ወረቀት ላይ አልፈርምም አለ። አባረሩት። ሌላ ሰው ፈረመ። በሳምንቱ አውሮፕላኗ ደልጊ ላይ ስታርፍ መቆም አቅቷት ሜዳውን አልፋ ሐይቁ ዳር ጭቃ ውስጥ ተሰነቀረች። ሰው አልሞተም፤ አየር መንገዱ ግን ተዘጋ። ሀዲስም «የተባረረው መካኒክ በቂም አበላሽቷት ነው» ብሎ አስወራ።

አሁን ደግሞ ሌላ አየር መንገድ ሊከፍት ነው አሉ። ለዚህ ነው ሰው እንዲያምነው የፕላስቲክ አበባና ፎቶ አንሺ ይዞ የመጣው። ሽቶው ድንኳኑን ሞልቶታል።

አንብቦ ጨረሰና ጎንበስ አለላት። «እግዚአብሔር ያጽናዎት።»

አሜን አላለችም። «ለምን እንዳባረሩት ይንገሩን፣ አቶ ሀዲስ።»

«ወይዘሮ ባንቺአየሁ፣ ለቅሶ ቤት ይህ አይነሳም።»

«የሞተው የኔ ባል ነው፤ እኔ አነሳሁት። ‹ፍሬኗ አይዝም፣ ሰው አልገድልም› ሲልዎት አጠገቡ ነበርሁ። ዋሸሁ?»

ሀዲስ ወደ ዕድሩ ዳኛ ዞረ። «ጋሽ አስማማው፣ ያረጋጓት እንጂ።»

«ጠየቀችህ እኮ» አሉ ሽማግሌው። «መልስላት።»

«አዲስ ፍሬንማ ታዞ ነበር!» ሀዲስ ጮኸ። «አንድ ሳምንት ዝም ብሎ ቢፈርም ምን ነበረበት?»

ምን እንዳመለጠው ያወቀው ዘግይቶ ነው። ፎቶ አንሺው ካሜራውን ቦርሳው ውስጥ ከተተ። ሀዲስ ማንንም ሳያይ ወጣ።

«እኔም አምቼዋለሁ» አሉ ጋሽ አስማማው፣ ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ ስበው። «ይቅር በይኝ፣ ልጄ።»

ከሰዓት በኋላ የዕድሩ ሰዎች ድንኳኑን ሊያፈርሱ መጡ። ባንቺአየሁ ትንሽ እንዲቆዩላት ለመነቻቸውና ድንኳኑን መዞር ጀመረች። ካስማዎቹን አንድ በአንድ በእጇ ነካች። አራተኛው ላልቶ አገኘችው። ተንበረከከችና ድንጋይ አነሳች።

«ሊፈርስ እኮ ነው፣ እትዬ» አላት አንዱ።

«አውቃለሁ» አለች፤ እያለቀሰች ካስማውን እስኪጠብቅ መታችው።