የጾሙ ድስትና የፍስኩ ድስት

ዮርዳኖስን ሰቆጣ ላይ ያሰራት አንድ ኮምፒውተር ነው። ሰው በዕዳ ሲታሰር አይተናል፣ በነፍስም ሲታሰር አይተናል፤ በኮምፒውተር ሲታሰር ግን ማን አየ? ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም!

ባሏ ወንዳወቅ ጎንደር ያስተምራል። የአራት ዓመት ልጃቸው ምሕረት እሱ ዘንድ ናት። ዮርዳኖስ በኮምፒውተር ባለሙያነት የተቀጠረችበት የእርዳታ ድርጅት ጎንደር ላይ ክፍት ቦታ ነበረው፤ የሰቆጣው ኃላፊ ጋሽ አስማረም ተስማምተው ነበር።

«ኮምፒውተሩን አስነሺልኝና በማግስቱ ሂጂ» አሏት።

እሷም ደስ ብሏት ለወንዳወቅ ደወለች። አይ የዋህነት!

ኮምፒውተሩ ሊኑክስ በሚባል ሥርዓት የሚሠራ ነው። አሮጌው ፕሮግራም የዘር እደላውን ይይዛል፤ በዘጠና ዘጠኝ ዓመተ ምሕረት ሑዳዴ ሲገባ ደግሞ ለዝናብ ልኬቱ አዲስ ፕሮግራም ተላከ። ሁለቱም ላይብረሪ የሚባለውን የጋራ ፋይል ከአንድ ስፍራ ካላነበቡ አይነሱም። የላይብረሪው ስም አንድ ነው፤ አሮጌው ግን የድሮውን ቨርዥን፣ አዲሱ የዘንድሮውን ይፈልጋል። ዮርዳኖስ ለመሄድ ቸኩላ የዘንድሮውን በድሮው ላይ ገለበጠችበት። የዘሩ ፕሮግራም አልነሳ አለ። የድሮውን ከሲዲ መለሰች፤ አሁን የዝናቡ እምቢ አለ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፤ እሷ እንኳ መልቀሙም አልሆነላትም። ሳምንት አልፎ ሳምንት ተተካ። ጋሽ አስማረ ብቅ እያሉ «እህሳ?» ይላሉ፤ እሷ ሲዲውን መልሳ ትከታለች።

አንድ ቀን ለምሳ ቤቷ ገብታ ሽሮ ልትሠራ ከመደርደሪያው ድስት ስታነሳ፣ አከራይዋ እትዬ ጥሩሐረግ ጮኹባት።

«ኧረ በእመቤቴ! የፍስኩን ድስት? የጾሙ ወዲያ ማዶ ተሰቅሎ የለም እንዴ!»

ዮርዳኖስ ድስቱን እንደያዘች ደርቃ ቀረች። እትዬ ጥሩሐረግ ጾም ሲገባ የፍስኩን ድስት አይጥሉትም፤ ለብቻው ያስቀምጡታል እንጂ። እሷ ግን ይኸው ስንት ጊዜ አንዱን ጥላ ሌላውን ስትተካ ከረመች! ምሳዋን ትታ ወደ ቢሮ ሮጠች። ሁለቱን ቨርዥኖች በተለያየ ፎልደር አስቀምጣ፣ ለየፕሮግራሙ የየራሱን ፎልደር አመለከተችው። ሁለቱም ተነሱ። እንባዋ መጣ።

ጋሽ አስማረ አጨበጨቡ። «እንዴት አድርገሽ ነው?»

«ለየብቻቸው አስቀመጥኳቸው። እያንዳንዱ በየቦታው ሲሆን አይጣሉም።»

«አንቺ እኮ ወርቅ ነሽ!»

«እንግዲህ ነገ ልሂድ፣ ጋሼ?»

ሳቁ፤ ከልባቸው ነው የሳቁት። «ወዴት? ነገ ቢበላሽ ማን ሊያስነሳልኝ ነው? ራስሽ አልሽ እኮ፤ እያንዳንዱ በየቦታው! ባልና ልጅሽ እዚያ፣ አንቺ እዚህ።»

ብታበላሸው ሳትጠግኚ አትሄጂም ይሏታል። ጠገነችው፣ ይኸው አንለቅሽም አሏት። ከድጡ ወደ ማጡ።

ማታ ወንዳወቅ ደወለ።

«ተጠገነ?»

ተጠገነ ብትል፣ ታዲያ ለምን አትመጪም ሊላት ነው።

«አልተጠገነም» ብላ ዋሸችው።

«አይዞሽ» አላት። «እሱ እስኪጠገን ብቻ ነው። ምሕረት፣ ነይ፣ እማዬ ኮምፒውተሩን ስትጨርስ ትመጣለች።»