ካሜራ የተሸከመው ክንድ

መሥሪያ ቤት ውስጥ በስሟ የሚጠራት አልነበረም፤ «ብሎን» ነበር የሚሏት። አሥራ አንድ ዓመት አሳንሰር ስትጠግን የኖረች መሐንዲስ ናት፤ ኪሷ ከብሎን ባዶ ሆኖ አያውቅም። ቅጽል ስሙን ራሷም ወዳዋለች።

አንድ ቀን ጠዋት የአንድ ፊልም ስቱዲዮ አሳንሰር ተበላሽቶ ተጠራች። መሣሪያዋን ይዛ በአዳራሹ ስታልፍ ቀረጻ ላይ ደረሰች። ካሜራማኑ መሰላል ጫፍ ላይ ተንጠልጥሎ፣ ሁለት ሰዎች መሰላሉን አቅፈውለት፣ ካሜራውን ከላይ ወደ ተዋናይቷ ፊት ሊያወርድ ይታገላል። ምስሉ ተንቀጠቀጠ። ደገሙት፤ ያው ነው። በሰባተኛው ሙከራ የሰውየው እግር ሸርተት ሲል አዳራሹ በአንድ አፍ ጮኸ።

ብሎን ቆማ አሰበች። አሳንሰር ስምንት ሰው ጭኖ እንደዚያ ቀለል ብሎት የሚወጣው በሞተሩ ጉልበት ብቻ አይደለም፤ በሌላው ጫፍ የተንጠለጠለው ክብደት ያግዘዋል።

«ይህን ካሜራ በአንድ ጣት ማውረድ ይቻላል» አለች።

ዳይሬክተሩ ከእግር እስከ ራሷ አያት። «እህቴ፣ አንቺ አሳንሰሩን ሥሪልን፤ ፊልሙን ለእኛ ተይው።»

አልተቀየመችም። አሳንሰሩን ሠራች፤ ስትወጣ ግን ካሜራው ስንት ኪሎ እንደሆነ ካሜራማኑን ጠይቃ ያዘች።

በቀጥታ የሄደችው ታላቅ ወንድሟ ብየዳ ቤት ነው። ወንድሟ እዚያው ወረቀት ላይ የሣለችለትን ንድፍ አገላብጦ አየና፣ «ይሄ ደግሞ ምንድን ነው? ቀጭኔ?» አለ።

«ቀጭኔም በለው፣ ብቻ በይድልኝ።»

«አንገቱ ቢሰበርስ?»

«አይሰበርም፣ አስልቼዋለሁ።»

በአምስተኛው ሳምንት ባለጎማ መቆሚያ ላይ የተጋደመ ረጅም የብረት ክንድ ተሠራ፤ በአንድ ጫፉ ካሜራ ማሰሪያ፣ በሌላው ክብደት። ወንድሟ ካሜራው ቦታ ላይ ራሱ ተቀምጦ ካልሞከርኩት ብሎ ድርቅ አለ። እየወጣና እየወረደ እንደ ልጅ ሲስቅ ብሎን ልቧ ሞላ።

ስቱዲዮ ስትወስደው ዳይሬክተሩ፣ «እሺ፣ አንድ ጊዜ ብቻ» አለ። ካሜራማኑ ክንዱን በሌባ ጣቱ ገፋ አደረገው። ካሜራው ከጣሪያው ሥር ተነሥቶ ሳይንገጫገጭ ወረደና ተዋናይቷ ዓይን ዘንድ ቆመ።

ድምፅ ቀራጩ ማዳመጫውን አወለቀ። «የምስሉን እናንተ ታውቃላችሁ፤ እኔ የሰማሁት ግን ዘይት ያጣ በር ሲጢጥ ሲጢጥ ሲል ነው።»

ብሎን ሳቀች። «ጆሮህ ይባረክ! መዞሪያው ላይ ያለው ኩሽኔታ ነው፣ ነገ ይቀየራል።»

በማግስቱ ቀየረችው፤ ድምፅ ቀራጩም አውራ ጣቱን አነሣላት። ዳይሬክተሩ ያን ጊዜ አጠራሩን ለወጠ። «ኢንጂነር፣ ይህን ለእኛ ብቻ ይሥሩልን።»

«ለእናንተ ብቻማ አይሆንም። መሰላል ላይ የሚንጠለጠለው የእናንተ ሰው ብቻ ነው እንዴ?»

የአሳንሰር ሥራዋን ለቀቀች፤ ከወንድሟ ብየዳ ቤት ጎን የራሷን ወርክሾፕ ከፈተች። ከክንዱ ቀጥሎ በሐዲድ ላይ የሚንሸራተት የካሜራ ጋሪ፣ ከዚያም ካሜራው የሚታሰርበትና ከሩቅ በእጀታ የሚሽከረከር ራስ ሠራች። ያልተሳካላትም ነበር፤ ውኃ ላይ እንዲንሳፈፍ ያሰበችው መቆሚያ ሁለቴ ተገልብጦ ካሜራማኑን አጥምቆታል። በሦስተኛው ተንሳፈፈ።

ፀጉሯ ሸበት ካለ በኋላ አንድ እሑድ ከወንድሟ ጋር ሲኒማ ገባች። ፊልሙ የተቀረጸው በእሷ ጋሪ ነው። ተዋናይቷ በረጅሙ ኮሪደር እያለቀሰች ስትሮጥ ካሜራው እኩል ተከተላት፤ ተመልካቹ ሁሉ መሐረቡን አወጣ። ብሎን ወንድሟን በክርኗ ጎሰም አደረገችው።

«አየህ? መታጠፊያው ላይ እንኳ ንቅንቅ አላለም!»

ወንድሟ ዓይኑን እየጠረገ፣ «ዝም በይ እባክሽ» አላት፤ «ልጅቷ እኮ እናቷ ልትሞትባት ነው!»